ዓባይ ከጣና ሲወጣ አይተናልን?

በግብፅ ምድር በዓባይ ላይ ስለሚመላለሱት የመንገደኛ መርከቦች ብዙዎቻችን አንብበናል፤ በፊልምም አይተናል። ይኸው ወንዝ ከጣና ሐይቅ የሚወጣበትን ስፍራ በዓይናችን ያየን ግን ስንቶቻችን ነን? ስሙን ከልጅነታችን ጀምሮ እየጠራን ወንዙን ሳናየው መቅረታችን የሚያስቆጭ ነው።

ስለዚህ የዕረፍት ጊዜ ሲገኝ፥ መንገዱም ሰላም ሲሆን፥ ወደ ባሕር ዳር መጓዝ ነው። ከዚያ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ይኬዳል። ዘጌ በቡና ጫካ የተሸፈነ፥ ወደ ሐይቁ የገባ ምድር ነው። በአገሩ ልማድ በሬ ጠምዶ ማረስም ሆነ ከብት ማርባት ክልክል ነው፤ ጫካውን ጠብቀው ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ልማድ ነው።

በመመለሻው ወደ ዓባይ መውጫ ጎራ ሲሉ የደንገል ታንኳ ይታያል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፥ አድርቀው፥ አስረው ይሠሯታል። ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ቶሎ ቶሎ መሠራት አለባት። እንግዲህ ደንገሉ ካለቀ ታንኳዋም ሙያውም አለቁ ማለት ነው። ደንገሉ ግን በእርሻ መስፋፋት እየሳሳ ሄዷል። በዚህም ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ዳርቻ ተዛምቷል።

ይህን የምንጽፈው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የዛሬው ተማሪ ነገ ስለ ጣና በሚጻፍ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሹም ነው። ያላየውን ነገር እንዴት አድርጎ ይጠብቀዋል? እንግዲያውስ አስቀድመን ሄደን እንየው።