ፕሮፎርማው የት ቀረ? ኢሜይል ኢንቦክስ የሚገባው እንዴት ነው?

ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ ሁኑ ወይም ከደቻቱ ማዶ መጋላ፣ ድሬ ላይ የንግድ ቤት ካላችሁ ይህን የስልክ ምልልስ ታውቁታላችሁ።

«ፕሮፎርማውን አልላካችሁልንም እኮ!»

«ኧረ ከትናንት ወዲያ ልከናል!»

«እስቲ ስፓም ውስጥ ልየው... አዎ፣ እዚህ ገብቶ ነው።»

አንዳንዴ ደግሞ የሚገኘው ጨረታው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ድሬዳዋ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰላት ጊዜ ጀምሮ ከጅቡቲ ጋር በሰነድ የተሳሰረች ከተማ ናት። ዛሬ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም፣ የጭነት ሰነዱም የሚመላለሰው በኢሜይል ነው። ነፃ የንግድ ቀጣናው ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ምልልሱ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኗል። አንድ ሰነድ ስፓም ውስጥ ሲቀር ዕቃው ወደብ ላይ ይቆማል፣ ኪራዩም ይቆጥራል። ስለዚህ «ላክ» ከምትለዋ ቁልፍ ጀርባ ምን እንደሚካሄድ እንመልከት።

ቁልፏን ስትጫኑ መልእክቱ በቀጥታ ተቀባዩ ስልክ ላይ አይወድቅም። መጀመሪያ የእናንተ የኢሜይል ሰርቨር ዲኤንኤስ የሚባለውን የኢንተርኔት የስም መዝገብ «የዚህን ድርጅት ኢሜይል የሚቀበለው የትኛው ሰርቨር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሲያገኝ ከተቀባዩ ሰርቨር ጋር ይገናኝና በቅደም ተከተል ይናገራል፤ «እኔ እገሌ ነኝ። ላኪው ይህ ነው። ተቀባዩ ያ ነው። ጽሑፉ ይኸው።»

ተቀባዩ ሰርቨር ከተስማማ 250 የሚል ቁጥር ይመልሳል። «እሺ፣ ተረክቤያለሁ» ማለት ነው። ኢንቦክስ ይግባ ወይስ ስፓም የሚለው ግን የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። እናንተ ዘንድ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ መልእክቱ ከእጃችሁ መውጣቱን ብቻ ነው የሚናገረው።

ይህ የምልልስ ሥርዓት የተደነገገው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ መረቡን የሚጠቀሙት በአብዛኛው ተመራማሪዎች ስለነበሩ «ላኪው እኔ ነኝ» ያለውን ሁሉ ማመን አይከብድም ነበር። በሥርዓቱ ውስጥ የላኪውን ስም የሚያጣራ ነገር አልተቀመጠም። የማንም ስም በማንም እጅ ሊጻፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ሥርዓቱ ከመደንገጉ በፊትም በሩ ክፍት መሆኑን የገባው ነጋዴ ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ሻጭ ላልጠየቁት ወደ 400 ሰዎች በአንዴ ማስታወቂያ ልኳል። የመጀመሪያው ስፓም ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

ይህን ክፍት በር የሚዘጋው ብልሃት የት እንዳለ ለማየት አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በር ላይ ቁሙ። ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው አለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን ከማንበቧ በፊት ሦስት ነገር ታያለች፤ ያመጣው ሰው የድርጅቱ መልእክተኛ መሆኑን፣ ማኅተሙ ትክክል መሆኑን፣ ፖስታው ላይ ያለውና ደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለው ስም መግጠሙን። ጂሜይልና ያሁም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

መልእክተኛውን የሚያጣራው ኤስፒኤፍ ይባላል። በድርጅታችሁ ዶሜይን፣ ማለትም በአድራሻችሁ ከ@ በኋላ ባለው ስም፣ መዝገብ ውስጥ የምትጻፍ አንዲት መስመር ናት፤ «በስማችን ኢሜይል እንዲያደርሱ የፈቀድንላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ትላለች። እዚህ ላይ ብዙ ድርጅት የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ የኤስፒኤፍ መስመር ብቻ ነው። አንዱ ባለሙያ አንድ ጽፎ ሌላው ሁለተኛ ከጨመረበት ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። አዲስ ሰርቨር ሲመጣ በነበረችው መስመር ላይ ነው መጨመር ያለበት።

ማኅተሙ ዲኪም ነው። ሰርቨራችሁ እያንዳንዱን መልእክት እሱ ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ይፈርምበታል። ፊርማውን ማመሳከሪያው ሌላኛው ቁልፍ ደግሞ ማንም እንዲያየው በዲኤንኤስ ላይ ተለጥፏል። ብልሃቱ ፊርማው ከጽሑፉ መመንጨቱ ላይ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው ከሒሳብ ቁጥራችሁ አንዲት አኃዝ ቢቀይር ፊርማው አይገጥምም።

ሦስተኛው ዲማርክ ነው። ኢሜይል፣ ሰው ባያየውም፣ ሁለት የላኪ ስም አለው፤ ሰርቨሮቹ ሲነጋገሩ የሚጠሩት አንድ፣ ተቀባዩ ስክሪን ላይ የሚያነበው ሌላ። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩና ማኅተሙም ሳይመሰክር ሲቀር ምን ይደረግ? መልሱን የምትሰጡት እናንተው ናችሁ። «ዝም ብላችሁ አሳልፉት፣ ለኔ ግን ሪፖርት ላኩልኝ»፣ «ስፓም ውስጥ ጣሉት» ወይም «ጭራሽ አትቀበሉት» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሪፖርቱን አይቶ፣ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ይሻላል።

እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። ከድርጅታችሁ አድራሻ ወደ ግል ጂሜይላችሁ አንድ ኢሜይል ላኩ። ከዚያ ጂሜይሉን በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ክፈቱ። ከመልእክቱ ቀኝ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ጫኑና «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ከላይ ሠንጠረዥ ይመጣል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ከሚሉት ትይዩ «ፓስ» የሚል ካያችሁ መልእክታችሁ ተጣርቶ አልፏል። «ፌይል» የሚል ካለ ወይም ከሦስቱ አንዱ ጭራሽ ከሌለ ፕሮፎርማችሁ የሚጠፋበትን ቀዳዳ አግኝታችኋል።

ጉዳዩ በምርጫ የሚተው አይደለም። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግልና ያሁ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃሉ። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት።

«እኛ የምንጠቀመው ተራ ጂሜይል ነው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ከጂሜይል ራሱ እስከላካችሁ ድረስ ይህን ሁሉ ጉግል ይሠራላችኋል። ችግሩ የሚመጣው የሒሳብ ሶፍትዌሩ ወይም የዌብሳይታችሁ ፎርም የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻችሁን እንደ ላኪ ጽፎ ከሌላ ሰርቨር ሲልክ ነው። ያሁ ከሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ ከሌላ ቦታ የሚላከውን «አትቀበሉት» ብሎ አውጇል።

መልእክቱ ተመልሶ ሲመጣባችሁ ቶሎ አታጥፉት፤ ቁጥሩን አንብቡ። በ4 የሚጀምር ቁጥር «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ ሰርቨራችሁ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምር ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ከጂሜይል 5.7.26 የሚል ከመጣ «ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም» ማለት ስለሆነ ወደ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ተመለሱ።

የፋይሉንም መጠን ተመልከቱ። ጂሜይል የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ኢሜይል የተሠራው ለጽሑፍ ስለሆነ ፎቶም ሆነ ፒዲኤፍ ሲጫን ወደ ፊደልና ቁጥር ተቀይሮ ነው የሚሄደው፤ በዚህ ጊዜ መጠኑ በሲሶ ያህል ያብጣል። 20 ሜጋባይት ያላችሁት መንገድ ላይ 27 ገደማ ይሆናል። በስልክ ካሜራ የተነሳውን ሰነድ አሳንሳችሁ ላኩ።

ማንነት ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀረው ጠባይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለዒድ የመልካም ምኞት መግለጫ ከየትም ለተለቀመ አድራሻ ሁሉ በአንድ ጠዋት ብትረጩ፣ ከተቀባዮቹ «ስፓም» የሚለውን የሚጫኑት አይጠፉም። ጉግል በብዛት ለሚልኩት ያስቀመጠው ጣሪያ 0.3 በመቶ ነው፤ ከ1,000 መልእክት 3 ሰው ከጫነ ጣሪያው ተነካ። ስለዚህ ለሚያውቃችሁና ለፈቀደላችሁ ሰው ብቻ ላኩ። ደንበኛችሁም አድራሻችሁን እንዲመዘግብና ስፓም ውስጥ ሲያገኛችሁ «ስፓም አይደለም» የሚለውን እንዲጫን ንገሩት። አንድ መልስ ብቻ ቢጽፍላችሁ እንኳ ለቀጣዩ መልእክታችሁ መንገድ ይጠርጋል።

ይህን የምለው ለፕሮፎርማው ብቻ ብዬ አይደለም። በሩ ክፍት የሆነ ዶሜይን ለሌባም ክፍት ነው። በእናንተ ስም ለደንበኛችሁ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ የሚጽፍ አታላይ ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል፤ ስሙ የሚጎድፈው ግን የእናንተ ነው። የጠበቀ ዲማርክ በትክክለኛው ስማችሁ የሚመጣውን ይዘጋል። አንዲት ፊደል ቀይሮ በሚመሳሰል ስም የሚመጣውን ግን አይዘጋም፤ ስለዚህ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲነገራችሁ ሁልጊዜ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ዶሜይናችሁ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ያለው ነጥብ ኢቲ ይሁን ወይም ነጥብ ኮም፣ ሥራው አንድ ነው። ነገ ጠዋት ዌብሳይታችሁን ወደሠራላችሁ ባለሙያ ደውሉና «ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ተሞልተዋል ወይ?» በሉት። ካልተሞሉ አስሞሏቸው፤ ከዚያም ራሳችሁ በ«ሾው ኦሪጅናል» አረጋግጡ። ሦስት «ፓስ» ሳታዩ የሚቀጥለውን ፕሮፎርማ አትላኩ።