«ችሎታ የለውም» ከማለት በፊት

በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ መመዘኛ ቅጽ ሲሞላ፣ በየትምህርት ቤቱም የተማሪ ውጤት ሲነገር፣ ችሎታ የምትባለው ቃል ሳትነሣ የምትቀርበት ጊዜ የለም። «እገሌ ችሎታ አለው» የተባለ እንደ ሆነ ሰውየው ሹመት ያገኛል፤ «ችሎታ የለውም» የተባለ እንደ ሆነ ግን በሩ ይዘጋበታል። እንግዲህ የሰው እንጀራ የሚቆረጥባትና የሚቀጠልባት ቃል ከሆነች፣ ትርጓሜዋን መመርመር የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ቃሉ «ቻለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የግእዝ ወንድሙ «ክህለ» ነው። ከሃሊ፣ ክሂሎት የምንላቸውም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ዳኛው የሚያስችልበት ቦታ ችሎት መባሉም ቃሉ ከሥልጣን ጋራ ያለውን ዝምድና ያሳያል። ዳሩ ግን በአማርኛችን «ቻለ» ሁለት ፊት አለው። አንደኛው መሥራት ነው፤ «ማረስ ይችላል» እንላለን። ሁለተኛው መሸከምና መታገሥ ነው፤ «መከራውን ቻለው» እንላለን። ስለዚህ «ቻይ» ማለት ብዙ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ብዙ የሚሸከምም ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በመጀመሪያ የሕግን ሰዎች እንጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ውል የጸና እንዲሆን ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው መሆን እንደሚገባቸው ያዛል። በዚህ ቦታ ችሎታ ማለት ዕውቀት ወይም ብልህነት አይደለም። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ የ15 ዓመት ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ስለሆነ በራሱ ፈቃድ ብቻ ቤት ሊሸጥ አይችልም። ፊደል ያልቆጠረ የ60 ዓመት ገበሬ ግን ሙሉ ችሎታ አለው። ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ውል በሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፤ ይህም ችሎታውን ለመከልከል ሳይሆን እንዳይታለል ለመጠበቅ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሕጉ ችሎታ አለ ብሎ መነሣቱ ነው። «ይህ ሰው ችሎታ የለውም» የሚል ሁሉ የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በራሱ በተናጋሪው ላይ ነው።

የመሐንዲሶቹ ትርጓሜ ደግሞ ሌላ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ አለው ሲባል፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይህንኑ ያህል ይሰጣል ማለት አይደለም። ውሃው ሲበቃ፣ መኪናዎቹ ሁሉ ደኅና ሲሆኑ፣ ኃይሉን የሚቀበል መስመር ሲኖር በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ሊገኝ የሚችለውንና በእርግጥ የተገኘውን ለያይቶ ይጽፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ እንደ ሆነ መኪናውን ከመውቀሱ በፊት ውሃውንና መስመሩን ይመረምራል።

ከዚህ አልፈን ወደ ገበሬው እንሂድ። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ሞልተው ያጥለቀልቁታል። በቁሐር ሚካኤልና በመሰል ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ከዚህ ውሃ ጋራ መኖርን ከአባቶቹ የተማረ ነው። ቀድሞ ብዙው ሜዳ በክረምት ለከብት ግጦሽ እንጂ ለእህል አይመችም ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበት ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ሩዝን በዚያ ሞከሩ። መሬቱ ያው መሬት፣ ውሃውም ያው ውሃ ነበር፤ የተለወጠው ዘሩና አያያዙ ነው። ዛሬ ፎገራ በሩዝ የታወቀ ሆኖ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በዚያ ይገኛል፤ ከጤፍ ጋራ ተደባልቆ እንጀራ የሚሆነውም ሩዝ የተለመደ ምግብ ሆኗል። ጥፋት ይባል የነበረው ውሃ ተገቢውን ዘር ባገኘ ጊዜ ሀብት ሆነ። እንግዲህ ችሎታ በመሬቱ ውስጥ ብቻ ተቀብሮ የነበረ ነገር ሳይሆን መሬቱ ከሚስማማው ዘር ጋራ ሲገናኝ የተገኘ ነው።

ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ችሎ የሚኖረውና በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሹ በሩዝ ማሳ ሲያዝበት ቁጥሩ እየተመናመነ ሄዷል። አንዱን የምናስችልበት ሥራ ሌላውን ሊያሳጣ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በጠቅላላው በገጠራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን ማረስ አይችልም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ የገባ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ያርሳሉ። የእርሻ ዕውቀታቸው ትናንትም ነበረ፤ ዛሬ የተጨመረው መገናኘታቸው ነው።

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት፣ ይህንኑ ነገር የትምህርታቸው ዋና ክፍል አድርገውታል። እንደ እርሳቸው አስተሳሰብ የሰው ኑሮ የሚመዘነው ባለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለመሆንና ለማድረግ በእርግጥ በሚችለው ነገር ነው። የሚሰጡትም ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ይኸውም የጾመኛና የተራበ ሰው ምሳሌ ነው። ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ጾመኛው ግን ለመብላት እየቻለ የተወ ሲሆን የተራበው ምርጫ የሌለው ነው። በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረኀብ መርምረው፣ በአገሪቱ በጠቅላላው የነበረው እህል እጅግ ሳይቀንስ የወሎ ሰው መግዣ በማጣቱ እንዳለቀ፣ እህልም ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን እንደ ነበረ ጽፈዋል። እህሉ ነበረ፤ ሰውየው ግን ወደ እህሉ ለመድረስ አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም የሚተርፈው ምንድን ነው? በበታችህ ያለውን ሰው «ችሎታ የለውም» ብለህ ከመፈረምህ በፊት የጎደለው ዕውቀት ነው፣ መሣሪያ ነው፣ ወይስ ፈቃድና ሥልጣን ነው ብለህ ጠይቅ። ዕውቀት ከጎደለው ማስተማር፣ መሣሪያ ከጎደለው መስጠት፣ ሥልጣን ከጎደለው ማካፈል ይቻላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ያልሠራ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ፍርዱ ተገቢ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን እንደ ሕጉ የማስረዳት ሸክም ያለው በፈራጁ ላይ ነው።

ሁለተኛውንም የቃሉን ፊት አንርሳ። ሳያጉረመርም የሚሸከመውን ሠራተኛ ወይም ገበሬ «ችሎታል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን መከራን መቻል ሥራን መቻል አይደለም። የሹም ሥራ ሰውን ችሎ እንዲኖር መተው ሳይሆን መሥራት እንዲችል መንገዱን መክፈት ነው።