ነፍሰ ጡር እናት በምን ጎኗ ትተኛ?

ከሰበካ ጉባኤ አባላትና ከካህናት አባቶች ጋር ስለ እናቶች ጤና በምንወያይበት ጊዜ አዘውትረን የምናነሣቸው የእርግዝና ክትትል፣ የምግብና በጤና ተቋም የመውለድ ጉዳዮች ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡር እናት የቀንና የሌሊቷን ሲሦ ያህል የምታሳልፍበት መኝታ እምብዛም አይነሣም። መኝታ የቤት ምሥጢር ነውና፣ የንስሐ አባት በልጁ ቤት ተቀምጦ «ልጄ፣ በምን ጎንሽ ትተኛለሽ?» ብሎ መጠየቁ በእኛ ዘንድ አልተለመደም። በዚህ እትም ጉዳዩን ለማንሣት የወደድነው ምክሩ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ፣ ደግሞም በትክክል ካልተነገረ እናቶችን በከንቱ የሚያስፈራ በመሆኑ ነው።

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ነፍሰ ጡር እናት ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ማለትም ሰባተኛው ወር ከገባ በኋላ፣ እስክትወልድ ድረስ ለመተኛት ስትጋደም በጎኗ ትጋደም፤ በጀርባዋ ተንጋልላ እንቅልፍ አትጀምር። ይህ ለሌሊቱ እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ቀን ከሥራ መልስ ጋደም ለምትልበትም ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት እንደ ተመቻት ትተኛ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሆዷ መተኛት የለመደች እናትም ብትሆን ሆዷ ራሱ እስኪከለክላት ድረስ የሚያሳስባት ነገር የለም።

ምክንያቱን ማወቅ ምክሩን ለሚያስተላልፍ ሰው ይጠቅማል። ከእግርና ከዳሌ ያለው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ከአከርካሪው አጥንት በስተ ቀኝ በኩል ሽቅብ በሚወጣ አንድ ትልቅ ደም መላሽ ሥር ነው። የዚህ ሥር ግድግዳ ስስ ስለ ሆነ በቀላሉ ይጨፈለቃል። እርግዝናው በገፋ ጊዜ ማሕፀኑ ከሕፃኑ፣ ከእንግዴ ልጁና ከሽርት ውሃው ጋር 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ እናቲቱ ስትንጋለል ይህ ክብደት በሥሩ ላይ ያርፋል። በመስኖ ቦይ ላይ ድንጋይ የወደቀ ያህል ነው፤ ውሃው ፈጽሞ ባይቋረጥም ወደ ማሳው የሚደርሰው ያንሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስ ከልብ የሚወጣውም ይቀንሳል፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ለሕፃኑ የሚደርሰው ደምና አየርም እንዲሁ። አንዳንድ እናቶች ይህን ሰውነታቸው ይነግራቸዋል፤ ሲንጋለሉ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ወደ ጎን ሲዞሩ ይተዋቸዋል። ብዙዎች ግን ምንም አይሰማቸውም። ጤነኛ ሆኖ በደንብ የሚያድግ ሕፃን ይህን ጫና ይችለዋል። በሌላ ምክንያት አስቀድሞ የደከመ፣ እድገቱም የዘገየ ሕፃን ግን ላይችለው ይችላል።

ጉዳዩ በጥናት መመርመር የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ የተደረገ ጥናት በመጨረሻዎቹ ወራት ሕፃናቸው በማሕፀን የሞተባቸውን እናቶች በሰላም ሊወልዱ ከተቃረቡት ጋር በማነጻጸር የመኝታን ነገር አነሣ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድነት ተጠቃለው ሲመረመሩ፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባቸው ተንጋለው እንቅልፍ የጀመሩ እናቶች በጎናቸው ከተኙት ይልቅ ሕፃኑ ሞቶ የመወለዱ ዕድል ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የበኩር ልጃቸውን ባረገዙ በብዙ ሺህ እናቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት እስከ 30ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የአተኛኘት ሁኔታ ይህን የመሰለ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይቷል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ለይተን የምንናገረው ስለዚህ ነው።

«ሁለት እጥፍ ተኩል» የሚለው ቃል በመድረክ ላይ ሲነገር እናትን ሊያስደነግጥ እንደሚችል እናውቃለን። በጀርባዋ የተኛች እናት ሁሉ ልጇን ታጣለች ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ በሰላም ይወልዳሉ። ሕፃን በማሕፀን እንዲሞት የሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ እንደ ወባና ቂጥኝ ያሉ በሽታዎች፣ የሕፃኑ እድገት መዘግየትና የተራዘመ ምጥ ናቸው። በጎን መተኛት ከእነዚህ አንዱንም አይተካም፤ የክትትል ቀጠሮ የዘለለች እናት በጎኗ በመተኛቷ ልትጽናና አይገባትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የግራና የቀኝ ነው። ብዙ እናቶች «በግራ ጎንሽ ብቻ ተኚ» የሚል ምክር ሰምተዋል። ምክሩ መነሻ አለው፤ ያ ትልቅ ደም መላሽ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚወጣ በግራ ጎን መተኛት ከጫናው የበለጠ ያርቀዋል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስነው የ2019 ማጠቃለያ በግራና በቀኝ ጎን በተኙት እናቶች መካከል የሕፃን ሞት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ በግራ መጀመር መልካም ነው፤ ዳሌዋ ሲደክማት ወደ ቀኝ ትዙር። አንዲት እናት ሌሊቱን በሙሉ በአንድ ጎን ተጨንቃ፣ ክንዷ ደንዝዞ እንድታድር ማድረግ ጥቅሙ አልታየንም።

ሌላው ጭንቀት ከእንቅልፍ ሲነቁ በጀርባ ሆኖ መገኘት ነው። ሰው በእንቅልፉ ይገላበጣል፤ ይህን ማንም ሊከለክል አይችልም። ጥናቶቹ የጠየቁት እንቅልፍ ሲጀመር ስለ ነበረው አተኛኘት ነው፤ ምክንያቱም ሰው ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው ባብዛኛው እንቅልፍ በወሰደው አኳኋን ነው። በጀርባዋ ሆና የነቃች እናት ሳትደነግጥ ወደ ጎኗ ተመልሳ ትተኛ። አዋላጅ ነርስ ለምርመራ ለጥቂት ደቂቃ በጀርባዋ ብታስተኛትም አትፍራ፤ ራሷን ካዞራት ወዲያው ትናገር።

እስከዚህ ያለው ነገር በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አስቸጋሪው በቤት ውስጥ ነው። ብዙው የገጠር ቤት ነፍሰ ጡሯን በመደብ ላይ ወይም በጠባብ አልጋ ከባሏና ከሁለት ሦስት ልጆቿ ጋር ያስተኛል። ግድግዳ ጥግ ተጣብቃ፣ ሕፃን ልጅ በሌላው ወገን አቅፋ የምትተኛ እናት መዞሪያ ስፍራ ስለሌላት በጀርባዋ ትሆናለች እንጂ ምክሩን ስለ ናቀች አይደለም። እንግዲህ ምክሩ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏም መነገር ይኖርበታል። የንስሐ አባት ባልየውን «ሚስትህ ዳር ትተኛ፤ ትልልቆቹን ልጆች ወደ ሌላ ምንጣፍ አውርዳቸው» ቢለው ከማንም በላይ ይሰማል። ዳር መተኛቷ ሌሊት ለሽንት ስትነሣም ያግዛታል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት መነሣቱ ይደጋገማልና።

ትራስ መግዛት አያስፈልግም። አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከጀርባዋ ኋላ ማስቀመጥ በእንቅልፍ ልብ ወደ ኋላ እንዳትንከባለል ይደግፋታል። ሌላ የታጠፈ ልብስ በጉልበቶቿ መካከል ሲገባ የዳሌና የወገብ ሕመም ይቀንሳል፤ ስስ ነገር ከሆዷ በታች ቢደረግም ክብደቱን ይይዝላታል። ጉልበቶቿን አጠፍ ማድረጓ ይመቻታል። በቁርበት ወይም በሰሌን ላይ የምትተኛ እናት ዳሌዋ ከመሬቱ እንዳይጋጭ ከሥሯ ድርብ ልብስ ትፈልጋለች፤ በጎን መተኛትን ብዙዎች የሚተዉት ይህ ሕመም ሲጸናባቸው ነው። ቃር የሚያስቸግራት ከሆነ እራቷን ቀደም አድርጋ ትብላ፤ ከወገቧ በላይ በመጠኑ ከፍ ብላ በግራ ጎኗ ትተኛ። ስትነሣ ደግሞ ከጀርባዋ ቀጥ ብላ አትነሣ፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ዞራ፣ እግሮቿን አውርዳ፣ በእጇ ተደግፋ ትቀመጥ፣ ቀጥላም ትቁም። በቆላማና ወባማ ቀበሌዎች አጎበሩ ከማንም አስቀድሞ የነፍሰ ጡሯ መኝታ ነው። ለባልየው የተተወ፣ ወይም እህል የተሸፈነበት አጎበር ባየን ጊዜ ብናዝን አይፈረድብንም።

በሰበካ ጉባኤ ሥልጣን ሥር ያሉ መኝታዎችም አሉ፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በጠበል ስፍራዎች ሳምንታትን የሚያሳልፉ ነፍሰ ጡር እናቶች በመጠለያው ወለል ላይ ተጨናንቀው ያድራሉ። እንደ ቁልቢ ገብርኤል ባሉ የንግሥ ስፍራዎች፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስለ ልጅ የተሳሉ እናቶች ርጉዝ ሆነው ጭምር ረጅም መንገድ ተጉዘው ይመጣሉ፤ ማደሪያቸውም ብዙ ጊዜ ደጅ ነው። በየመጠለያው አንድ ጥግ ለነፍሰ ጡሮች ከልሎ፣ ጥቂት ፍራሽና ምንጣፍ መድቦ፣ ወደ መጸዳጃው የሚወስደውን መንገድ በብርሃን ማሳየት ከአንድ ሰበካ አቅም በላይ አይደለም። በጤና ጣቢያዎች ግቢ የሚገኙት የእናቶች ማቆያ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ሕዝቡ ለገንፎው ዱቄትና ቅቤ፣ ለቡናውም ማገዶ ያዋጣል፤ ከዱቄቱ ጋር ንጹሕ ፍራሽና ብርድ ልብስ ቢታሰብ መልካም ነው። መኝታው ስላልተመቻት ተነሥታ ወደ ቤቷ የተመለሰች እናት በምጥ ጊዜ ለመመለስ መንገዱ ሊርቅባት ይችላል።

ካህናት አባቶች ከመኝታው ይልቅ አጥብቀው እንዲናገሩልን የምንሻው ስለ ሕፃኑ እንቅስቃሴ ነው። እናት ልጇ የሚንቀሳቀስበትን ልማድ ታውቃለች። እንቅስቃሴው ከልማዱ ከቀነሰ ወይም ካቆመ «ተኝቶ ይሆናል፣ ነገ ይታያል» ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ከሆነ በሌሊት፣ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ደም ከታየ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣም እንዲሁ ነው። ቅዳሴ ላይ ወይም ማኅበር ላይ ሆና ብትሰማው እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ይህን ከካህኑ አንደበት መስማቷ ከይሉኝታ ያወጣታል።

በመጨረሻ ስለ ኀዘን ቤት አንድ ነገር እንጨምር። ሕፃኗ ሞቶ የተወለደባት እናት ይህን ጽሑፍ ወይም ምክሩን ከሰማች በኋላ «አባ፣ በጀርባዬ ስለ ተኛሁ ነው?» ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። ለአንዲት እናት የሞቱ ምክንያት ይህ ነው ብሎ ከኀዘን ቤት ሆኖ መናገር የሚችል ሰው የለም፤ ጥናቶቹም ስለ ብዙ እናቶች በአንድነት ይናገራሉ እንጂ ስለ እርሷ አይናገሩም። ስለዚህ «አይደለም ልጄ፣ አንቺ አልገደልሽውም» ማለት ሐሰት አይሆንም። ጎረቤት «እንዲህ ተኝታ፣ ያን ተሸክማ» እያለ ምክንያት መፈለግ ሲጀምር ካህኑ ያስቁም። ባልየውም ይህንኑ በፊቷ ይስማ። ዳግም ስታረግዝ ወሩ ሳይገፋ ቀድማ ክትትል ትጀምር፤ የደረሰባትንም ለአዋላጇ በመጀመሪያው ቀን ትንገራት፤ ክትትሉ ከሌሎች የተለየ ሊሆንላት ይገባልና።