የፋይናንስና ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ፦ ውስጡ ምን አለ? ስንትስ ያወጣል?

ሰሞኑን በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሆነ በሠልጣኞች መኝታ ቤት አካባቢ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል። «የፋይናንስና ማኔጅመንት ማስተርስ ብማር ምን ይመስልሃል?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱን ሳይጠብቅ ራሱ ይቀጥልና «ደመወዙ ጥሩ ነው ይላሉ» ይላል። እነማን ናቸው የሚሉት? ሲባል ግን ዝም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በትምህርቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ ከዚያም ትምህርቱ ራሱ በሚያስተምረው ስሌት ትምህርቱን ብንመዝነው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሁለተኛ ዲግሪ የሚመጣው ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ነው። በሰርተፊኬት ወይም በዲፕሎማ የሚመረቅ ሠልጣኝ በመካከል አንድ ትልቅ ደረጃ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከአሁኑ ማወቅ አይጎዳም፤ እንዲያውም ከዚህ በታች እንደምታዩት አስቀድሞ ማሰብ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

ብዙ ሰው ፋይናንስን ከሒሳብ አያያዝ ጋር ያደባልቃል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ሒሳብ አያያዝ ወደ ኋላ ያያል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ይላል። ፋይናንስ ደግሞ ወደ ፊት ያያል፤ ይኸንን ገንዘብ ዛሬ እዚህ ባውለው ነገ ምን ይመጣል፣ ባይመጣስ? ይላል። የሆነ ሆኖ ወደ ኋላ ማየት የማይችል ወደ ፊት ማየት አይችልምና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪም መጀመሪያ የሚቀመጠው ከዴቢትና ክሬዲት ፊት ነው። ይኸንን የሁለት ወገን ምዝገባ በመጽሐፍ አትሞ ለዓለም ያዳረሰው ማን ይመስላችኋል? ነጋዴ አልነበረም፤ መምህር ነበር። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ኢጣሊያዊ መነኩሴና የሒሳብ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ አስረዳ። ዘዴውን እርሱ አልፈጠረውም፤ ነጋዴዎቹ ከእርሱ በፊት ይሠሩበት ነበር። እርሱ ያደረገው መምህር የሚያደርገውን ነው፤ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ሌላው ሊማረው በሚችል ቅደም ተከተል ጻፈው። የሙያ ባልደረባችን ነውና ቢያንስ ስሙን ማወቅ ይገባናል።

ንግድና ሥራ አመራር የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆኖ የመጣው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የዋርተን ትምህርት ቤት በ1881፣ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚያስተምረው የታክ ትምህርት ቤት በ1900፣ የሐርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1908 ተከፈቱ፤ ቀኖቹ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ በልዩ ልዩ ስም የሚሰጠውን ትምህርት በጥቅሉ ስናየው ኤም.ቢ.ኤ. የሚባለው ከሁሉም ጥቂት ጥቂት የሚያስቀምስ፣ የሥራ ልምድ ላለው ሰው የሚስማማ ነው። የፋይናንስ ኤም.ኤስ.ሲ. ሒሳብና ስታቲስቲክስ የበዛበት ነው። «ፋይናንስና ሥራ አመራር» የሚባለው በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ግማሹ ስለ ገንዘብ፣ ግማሹ ገንዘቡን ስለሚይዘው ሰው ነው። የትምህርት ዓይነቶቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አንባቢን ማሰልቸት ነው። ሁለት ሐሳቦችን በደንብ የያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ያዘ ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሐሳብ የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ነው። ይኸ ነገር ባዕድ አይደለም፤ እቁብ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 1,000 ብር የሚጥሉበት እቁብ እንያዝ። እጣው 12,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለትም የመጨረሻው ባለ እጣም እኩል ጥለው እኩል 12,000 ብር ይወስዳሉ። ታዲያ ለምንድን ነው ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቢወጣለት የሚመኘው? ለምንድን ነው ቸኩሎ የሚፈልግ ሰው የሌላውን እጣ ጉርሻ ጨምሮ የሚገዛው? የዛሬ 12,000 ብርና የአሥራ አንድ ወር በኋላው 12,000 ብር አንድ ስላልሆኑ ነው። ገንዘቡን በወር 2 በመቶ ሊያተርፍበት የሚችል ሰው ቢኖር፣ ለእርሱ የመጨረሻው እጣ የዛሬ ዋጋ 12,000ን አሥራ አንድ ጊዜ በ1.02 ማካፈል ነው። ውጤቱ 9,650 ብር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ባለ እጣ መካከል ከ2,300 ብር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን አይታይም። ወለድን ወደ ፊት ማባዛት በትምህርት ቤት ተምረናል። ይኸ ያው ስሌት ወደ ኋላ ሲቆጠር ነው፤ ባለሙያዎቹ ዲስካውንት ይሉታል።

የዋጋ ንረት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት መቶ ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው መቶ ሰባት ብር ያገኛል፤ በመቶ ብር ይገዛው የነበረው አስቤዛ ግን ከ130 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ አደገ፤ ገንዘቡ ግን ቀነሰ። ይኸንን ልዩነት ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ በመቶኛ ትምህርት ጊዜ ማስረዳት የሚቻል ይመስለኛል።

ሁለተኛው ሐሳብ የሥራ አመራሩ ነው። ሄንሪ ፋዮል የተባለው ፈረንሳዊ የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣው ጽሑፍ አመራርን ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ብሎ በአምስት ከፈለው። እነዚህን ያልሸመደደ የማኔጅመንት ተማሪ የለም፤ እውነቱን ለመናገር መሸምደዱ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ይልቅ ዋናው ቁም ነገር የሌላ ሰው ገንዘብ የያዘ ሰው እንደ ራሱ ገንዘብ ይጠነቀቅለታል ወይ? የሚለው ጥያቄ ነው። ጄንሰንና መክሊንግ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 ጉዳዩን በባለቤትና በእንደራሴ መካከል እንዳለ ውል አድርገው ተነተኑት። ባለቤቱ እንደራሴውን ለመቆጣጠር ያወጣል፣ እንደራሴው መታመኑን ለማሳየት ያወጣል፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥቂት የሚባክን አይጠፋም አሉ።

ይኸንንም ቢሆን እድራችን ያውቀዋል። ዳኛው ይፈርማል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ሣጥኑን ይይዛል። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ጠቅልሎ የያዘበት እድር ብዙ አይቆይም፤ ሰውየው ሌባ ባይሆን እንኳ። የሚረሳ ይኖራል፣ የሚቀላቀል ይኖራል፣ ሐሜት ደግሞ በእርግጥ ይኖራል። በዚህ ግቢ ከሚመረቁት መካከል አንዳንዱ ውሎ አድሮ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መሆኑ አይቀርም። ያን ጊዜ ለጠመኔና ለደብተር፣ ለመማሪያ ክፍል ጥገና የመጣ ገንዘብ በእጁ ይገባል፤ ወላጆች ያዋጡትም ይኖራል። ባለቤቶቹ እነርሱ ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩ እንደራሴ ነው። ደረሰኝ ያለመቁረጥ፣ ገዢውም ተረካቢውም መዝጋቢውም አንድ ሰው መሆን፣ «ኧረ እኛ እንተማመናለን» ማለት፣ ስንቱን ቅን ሰው ከወላጆች ስብሰባ ፊት አንገቱን አስደፍቶታል! ለመምህር ከዚህ ዲግሪ ውስጥ በጣም የሚጠቅመው ይኸ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ደግነቱ እርሱን ለማወቅ ዲግሪውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌላው ብዙ የሚወራለት የአደጋ ስሌት ነው። ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ገንዘብን በታትኖ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን፣ አብረው የማይወድቁ ነገሮችን መምረጥ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ አሳየ፤ በ1990ም ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በቡና አገር ሁለት ሱቅ ያለው ሰው ሀብቱን የከፈለ ይመስለዋል፤ የቡና ዋጋ የወደቀ ዕለት ግን የሁለቱም ሱቅ ደንበኛ ይጠፋል። ሆኖም ስሌት ሁሉን አያድንም። በአሜሪካ በ1994 የተቋቋመ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባል ድርጅት ነበር፤ ከአጋሮቹ ሁለቱ፣ ሾልስና መርተን፣ በ1997 የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ድርጅቱ ተንኮታኮተ፤ ትልልቆቹ ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ነው ያነሡት። ዲግሪ ሲበዛ ትዕቢት አይበዛም ያለ ማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለመምህር ያዋጣል ወይ? የሚቀጥሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይተካ። አንድ መምህር ማታ ማታ ለሁለት ዓመት ይማራል እንበል። ለክፍያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒ ዛሬ 40,000 ብር፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ 40,000 ብር ያወጣል። ከተመረቀ በኋላ፣ ከሦስተኛው ዓመት መጨረሻ እስከ አሥረኛው፣ በዓመት 24,000 ብር ተጨማሪ ገቢ ያገኛል። በተራ ቆጠራ ያወጣው 80,000፣ ያገኘው 192,000፣ ትርፉ 112,000 ብር ነው። እልል ያሰኛል። እንግዲህ እንደ እቁቡ ወደ ኋላ እንቁጠረው። ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው በዓመት 15 በመቶ ያተርፍ ነበር ብንል፣ ወጪው የዛሬ ዋጋው 74,780 ብር ያህል፣ ገቢው ደግሞ 81,430 ብር ያህል ይሆናል። 112,000 የነበረው ትርፍ 6,650 ብር ገደማ ሆኖ ቁጭ ይላል! ያዋጣል፤ ግን በቋፍ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነገር ይምጣ። ኮርሱ በጊዜው አለቀ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን አንድ ዓመት ዘገየ። ተጨማሪ ክፍያ የለም እንኳ ብንል፣ ገቢው የሚጀምረው ከአራተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። የዛሬ ዋጋው ወደ 65,650 ብር ይወርዳል፤ ውጤቱም 9,130 ብር ገደማ ኪሳራ ነው። አስተውሉ፤ ክፍያው አልጨመረም፣ ደመወዙም አልቀነሰም። ትርፉን የበላው አንዱ ዓመት ነው።

ጽሑፉ የሚዘገየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም፤ በርዕስ ምርጫ ነው። ተማሪው «የባንኮች የብድር አሰጣጥ ችግር» ብሎ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ከባንክ ባንክ ደብዳቤ ይዞ ይዞራል፤ የደንበኛ ምስጢር ነው ተብሎ ይመለሳል። መረጃው በእጅ መግባቱን ሳያረጋግጡ ርዕስ ማስመዝገብ ቤት ሳይኖር ቁልፍ እንደ መግዛት ነው። ባንኮች በየዓመቱ አሳትመው የሚያወጡት የሒሳብ መግለጫ አለ፤ ማንንም ሳይለምኑ የሚሠሩበት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ለእንዲህ ያለ ጥናት አዲስ በር ተከፍቷል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ከመመዝገብ በፊት ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ «ከማስተምረው ትምህርት ውጭ የሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ለደረጃ እድገት ይያዝልኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው። አይያዝም ከተባለ ያ 24,000 ብር ከስሌቱ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙያ መቀየር ወይም ለእውቀት ሲሉ መማር ነው። ለእውቀት ሲሉ መማር ነውር የለበትም፤ ደመወዝ ነው ብሎ ራስን ማታለል ግን አይገባም።

የሒሳብ ክፍል ሠልጣኞች የ15ቱን በመቶ ቦታ ቀይረው ይሞክሩት። በ10 በመቶ ሲሠራ፣ ጽሑፉ ሳይዘገይ፣ 29,450 ብር ያህል ትርፍ መምጣት አለበት፤ በ20 በመቶ ደግሞ 9,380 ብር ያህል ኪሳራ። ካልመጣላችሁ ምናልባት ሁለቱን የትምህርት ዓመታት ሳታካፍሉ ዘልላችኋል። በዕረፍት ሰዓት ብትመጡ ሰሌዳም ጠመኔም አለ።