ካይሮ ከዐስር ሶላት በኋላ

ያገሬ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበተናል፤ አፋሩም የደጋው ሰውም ሩቅ መንገድ አለባቸው። ካይሮ ግን የሚደምቀው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። በሰኔና በሐምሌ ቀትሩ እንደኛው ቆላ አያላውስም፣ ሰዉ ጋደም ይላል። ማታ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። ይህን ያየ ያገሬ ሰው «ሰነፎች ናቸው» ሲል ይከፋኛል።

በደረሳነት ብዙ ዓመት የኖርኩት ከአልአዝሃር መስጊድ ጀርባ ነው። ጠዋት ፉል ሻጩ ጋሪውን ማዕዘኑ ላይ ያቆማል። ባቄላው አንገተ ጠባብ በሆነ ትልቅ ማሰሮ ሌሊቱን ሙሉ በስሱ እሳት ሲንተከተክ ያደረ ነው፤ በረጅም ጭልፋ አውጥቶ በዘይት፣ በከሙንና በሎሚ ያሸዋል። ከላይ ፎቅ የምትኖር አሮጊት ዘንቢሏን በገመድ ታወርዳለች፣ ገንዘቡ ውስጡ ነው። የዳቦው ልጅ ቆጥሮ ይሞላላታል። «ሐጃ፣ ጉልበትሽ እንዴት አደረ?» ይላታል ቀና ብሎ። እሷም የጉልበቷን ሕመም ከነታሪኩ ከመስኮት ትነግረዋለች። ወረፋ የያዝነው ሁሉ እንሰማለን፣ አንድም ሰው አያጉረመርምም።

ያገራችን ሰው እዚህ ሰፈር አዲስ እንግዳ አይደለም። መስጊዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ970 ነው፤ ተማሪው እንደየአገሩ ያድርባቸው ከነበሩት ሪዋቆች መካከል የጀበርቲ ሪዋቅ ለእኛ አካባቢ ሙስሊሞች ነበር። ደረሳው የዳቦ ድርጎ ይቆረጥለት፣ እየተማረ ዓመታት ይቀመጥ ነበር። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አልጀበርቲ የእነዚሁ ጀበርቲዎች ዘር ነው። አባቱ ሼኽ ሐሰን በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ዓሊም ነበሩ። የቤተሰቡ መጠሪያ የሆነው የጀበርት ምድር ከዘይላና ከይፋት ጋር ይያያዛል፤ ይፋት ደግሞ የእኛው ጎረቤት ነው። ይህን በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፣ ሊነገር ግን ይገባ ነበር።

ዛሬ እኛ ዘንድ ግብፅ ስትነሳ ወሬው ግድብ ብቻ ነው። ካይሮም ሻይ ቤት ውስጥ ስለዚሁ ግድብ ይጠይቁኝ ነበር። ክርክሩ ይጋጋላል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ከዚያ አንዱ ሻይ ያስደግማል፣ ስኳሩ የበዛ፣ በብርጭቆ። እንደ ቡናችን ሁሉ አንዱን ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ የለም። ሒሳቡን ለመክፈል ብታገልም «አንተ እንግዳ ነህ» ብለው እጄን ይይዙኛል። ጊዜያቸውን ለሰው የሚሰጡ ባይሆኑ ያን ያህል ዘመን እንዴት እኖር ነበር?

አሁን ለውጭ ተማሪ ማደሪያ የተዘጋጀው አባሲያ ባለው የአልአዝሃር የተማሪዎች መንደር ነው። ከሰፈራችን ለቂርአት ሊሄድ የተነሳ ልጅ ሲያማክረኝ ጋቢ ያዝ እለዋለሁ። የካይሮ ታኅሣሥና ጥር ይበርዳል፣ ቤቱም ማሞቂያ የለውም።