ከጉግል ቅጣት መውጣት፦ የቆየ የኦንላይን ሱቅ ወደ ቦታው የሚመለሰው እንዴት ነው?

ለዓመታት ሲሠራ የቆየ የኦንላይን ሱቅ ትእዛዝ ሲቀንስበት ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ገበያውን ነው። ዋጋ ይቀንሳል፤ ማስታወቂያ ይጨምራል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ይገኛል። ቀድሞ በጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣ የነበረው ሱቅ አሁን ስድስተኛው ገጽ ላይ ተቀብሯል። እዚያ ድረስ የሚወርድ ገዢ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ጭንቅ ሰዓት «በአንድ ሳምንት እንመልስልዎታለን» የሚሉ ብዙዎች ይመጣሉ። ለእነሱ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን ሱቁን የጣለው ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

ምክንያቱን መለየት

አንድ ድረ ገጽ ከፍለጋ ውጤት የሚወርድባቸው ሦስት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በሰው እጅ የሚጣል ቅጣት ነው። የጉግል ሠራተኛ ድረ ገጹን መርምሮ ደንብ ጥሷል ብሎ ሲወስን «ማኑዋል አክሽን» ይባላል። ይህ ቅጣት አይደበቅም። ሰርች ኮንሶል በተባለው የጉግል ነፃ አገልግሎት ውስጥ ከነምክንያቱ ለባለቤቱ ተጽፎ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉግል ውጤት የሚደረድርበት ስሌት፣ ማለትም አልጎሪዝም፣ ሲለወጥ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ፓንዳ» ይዘታቸው የሳሳ ወይም ከሌላ የተገለበጠ ገጾችን ዝቅ አደረገ። በ2012 የተከተለው «ፔንጉዊን» ደግሞ በተገዙና በሐሰት በተደራጁ ሊንኮች የወጡትን መታ። ለዚህ ዓይነቱ መውደቅ ማስታወቂያ አይደርስም፤ ይግባኝም የለውም። የሚታወቀው በቀኑ ነው። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ፣ ጎብኚ የቀነሰበትን ቀን ጉግል ለውጥ አድርጌያለሁ ካለባቸው ቀናት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቅጣት የሚመስል የቴክኒክ ስህተት ነው። ሱቁ ወደ አዲስ ሶፍትዌር ሲዛወር የቆዩት የገጽ አድራሻዎች ጠፍተው ሊሆን ይችላል። ወይም በሙከራ ጊዜ የተደረገ «ይህን ገጽ አትመዝግብ» የሚል ትእዛዝ ሳይነሳ ቀርቶ ይሆናል። በቆየ ሱቅ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይፈተሽ።

የጄሲ ፔኒ ታሪክ

በዚህ ጉዳይ በደንብ ከተመዘገቡት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካው ጄሲ ፔኒ ነው። በ1902 የተመሠረተው ይህ የችርቻሮ ድርጅት በ2010 መጨረሻ፣ በበዓል ገበያ ወቅት፣ ለብዙ ወራት «ቀሚስ»፣ «የአልጋ ልብስ»፣ «ምንጣፍ» ለሚሉ ፍለጋዎች ከሁሉ በላይ ይወጣ ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 ኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ምርመራ፣ ከሱቁ ሥራ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ጨምሮ ከ2,000 በላይ ገጾች ወደ ሱቁ የሚወስዱ ሊንኮች ተሰክተውባቸው ተገኙ።

ጉግል ቅጣቱን የጣለው ጋዜጣው ጉዳዩን ባሳወቀው ሰሞን ነው። ለአንድ የሻንጣ ፍለጋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ 1ኛ የነበረው ሱቅ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ 71ኛ ሆነ። ድርጅቱ ሊንኮቹን እንዳላዘዘና እንደማያውቅ ተናገረ፤ የቀጠረውንም የፍለጋ ባለሙያ ድርጅት አሰናበተ። «አላውቅም» ማለቱ ግን ቅጣቱን አላስቀረለትም። ሊንኮቹን የማስነሳት ሥራ ውስጥ ገባ፤ ወደ ቀድሞ ደረጃው የተጠጋውም ከ90 ቀናት ገደማ በኋላ ነው። ተቀጣሪ ለሠራው ተጠያቂው ባለ ሱቁ ነው።

የማስተካከያው ሥራ

ቅጣቱ በሊንክ ምክንያት ከሆነ፣ ወደ ሱቁ የሚወስዱትን ሊንኮች ዝርዝር ከሰርች ኮንሶል ማውረድና አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። በገንዘብ ወይም በቅናሽ ልዋጭ የተገኙት እንዲነሱ ለየድረ ገጾቹ ባለቤቶች ይጻፍ። የተላከው መልእክትና የተገኘው መልስ በሰንጠረዥ ይመዝገብ። እምቢ ያሉት ወይም መልስ ያልሰጡት ብቻ «ዲስአቫው» በተባለው መሣሪያ፣ በጽሑፍ ፋይል ተዘርዝረው «እነዚህን አትቁጠሩብኝ» ተብሎ ለጉግል ይቅረቡ። ይህ መሣሪያ በግምት ከተሠራበት ጤነኛ ሊንኮችንም ይቆርጣል።

ችግሩ የይዘት ከሆነ ሥራው ሱቁ ውስጥ ነው። በቆየ ሱቅ ውስጥ ከአምራቹ ቃል በቃል የተገለበጡ የዕቃ መግለጫዎች፣ በቀለም ብቻ የሚለያዩ በርካታ ገጾች፣ ከዓመታት በፊት ያለቁ ዕቃዎች ገጾች ይከማቻሉ። ብዙ ከሚሸጡት ዕቃዎች ይጀመር። መለኪያው፣ የጨርቁ ዓይነት፣ አጠቃቀሙ፣ የመላኪያ ጊዜውና የመመለሻ ደንቡ በራስ ቃል ይጻፍ። ተመሳሳይ ገጾች ይዋሃዱ። የሚዘጋ ገጽ ተቀራራቢ ምትክ ካለው፣ «301» በሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ወደ ምትኩ ይመራ። ምትክ ከሌለው ግን ዝም ብሎ ወደ መነሻ ገጽ ማዞር አይረዳም።

የይግባኝ ደብዳቤ

እንደገና እንዲታይ ጥያቄ የሚቀርበው ለማኑዋል አክሽን ብቻ ነው። ጥሩ ደብዳቤ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ጥፋቱ ምን እንደነበር፣ ለማረም ምን እንደተሠራ፣ ምን ውጤት እንደተገኘ። የተመዘገበው ሰንጠረዥ ማስረጃው ነው። ልመናም ሆነ የኪሳራ ዝርዝር አያስፈልግም። መልሱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል፤ የሊንክ ጉዳይ ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። መልስ ሳይመጣ ደጋግሞ መላክ አይጠቅምም። ውድቅ ከተደረገ የቀረውን አጽድቶ እንደገና ማቅረብ ይቻላል።

መጠንቀቅ ያለብን

አንዳንዶች ተስፋ ቆርጠው አዲስ ስም ይገዛሉ። ያኔ የቆየው ሱቅ በዓመታት በእውነት ያፈራቸው ሊንኮችና ደንበኞቹ ያስቀመጧቸው አድራሻዎች አብረው ይጠፋሉ። ጥፋቱ ሳይታረም አሮጌውን ወደ አዲሱ ማዞር ደግሞ ችግሩን ይዞ መሄድ ሊሆን ይችላል። የተረጋገጠ ውጤት እሰጣለሁ የሚል ባለሙያም ይጠርጠር፤ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ ያስጠነቅቃል። ባለሙያ ከተቀጠረ ምን እንደሚሠራ በየወሩ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ቅጣቱ ተነሣ ማለትም ሱቁ የነበረበት ቦታ ላይ ወዲያው ይመለሳል ማለት አይደለም። የቀድሞው ደረጃ በከፊል በተገዛ ሊንክ የቆመ ከነበረ፣ ያ ድጋፍ ከእንግዲህ የለም። የሚቀረው ሱቁ በራሱ የሚገባው ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው ደግሞ በሚጽፈው ትክክለኛ መረጃና በደንበኞቹ አመኔታ ቀስ በቀስ ነው። እስከዚያው ድረስ የነባር ደንበኞችን ስልክና ኢሜይል በአግባቡ ይዞ በቀጥታ መገናኘት ይጠቅማል። የቤተሰብ ሪዝቅ የተያያዘበት ሱቅ በአንድ የፍለጋ ድርጅት ውሳኔ ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።