የድሃ ቤት መብራት፦ ከኩራዝ ወደ ፀሐይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ጉዳይ የመብራት ጉዳይ ነው። በተለይ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከከተማ ዘልቆ ያልደረሳቸውን ወይም ደርሷቸውም መብራቱ እየሄደ የሚያስቸግራቸውን ቤተሰቦች እናስባለን። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ከፀሐይ የሚገኘውን መብራት እንዴት ሊያገኝ ይችላል? ከወለድ ሳይነካካስ እንዴት ይገዛዋል? የሚሉትን እንመለከታለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዩኑስ ፀሐይና ጨረቃን ለእኛ ጥቅም የፈጠራቸው ታምራቱ መሆናቸውን ያስታውሰናል። አገራችን ከዚህ ጸጋ ብዙ ድርሻ አላት። በአማካይ በየቀኑ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርድባታል። ይህን የመሰለ ጸጋ በነፃ እየወረደልን ቤታችን በጨለማ ማደሩ ሊያሳስበን ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ይፋ ባደረገው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በወቅቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሕዝብ 44 ከመቶ ያህል እንደነበር ተገልጾ ነበር። ከዚህም ውስጥ 33 ከመቶው ከዋናው መስመር፣ 11 ከመቶው ደግሞ እንደ ፀሐይ ካሉ ከመስመር ውጭ ከሆኑ ምንጮች የሚያገኝ ነበር። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ኃይል ስለመነጨ ብቻ ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ ወደየጎጆው አይደርስም። እስኪደርስ ድረስ ልጅ ማጥናት፣ እናት ማብሰል፣ ሰጋጅም ለፈጅር መነሣት አለባቸው።

የኩራዝ ዋጋ

ብዙዎቻችን ኩራዝን የድሃ መብራት እንለዋለን። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ውድ መብራት ነው። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ ለነጭ ጋዝና ለባትሪ ድንጋይ በሳምንት 50 ብር ቢያወጣ፣ በዓመት 2,600 ብር አወጣ ማለት ነው። ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ አይታወቅም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ በእጅ የሚቀር ምንም ነገር የለም።

ከገንዘቡ ሌላ የጤና ዋጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተራ ኩራዝ ከሚያነደው ጋዝ ከ7 እስከ 9 ከመቶው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ያ ጥቀርሻ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ ላይ የተደፋውን ሕፃን ሳንባም ያጠቁራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ነጭ ጋዝን በቤት ውስጥ መጠቀም እንደማይመከር አስታውቋል።

የእሳቱም አደጋ አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዘዋል፤ አይጥ የሚነደውን ክር ጎትታ ቤቱን በሰዎቹ ላይ ልታቃጥል እንደምትችልም አስጠንቅቀዋል። ይህ በቡኻሪና በሌሎችም የሐዲስ መጻሕፍት የተዘገበ ነው። የሣር ክዳን ባለው ቤት፣ ገለባና ጭድ በተከማቸበት ግቢ፣ ይህ ትእዛዝ ምን ያህል እዝነት እንደሆነ የጎጃም ገበሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

መብራቱ እንዴት ይሠራል?

የፀሐይ መብራት አራት ነገሮች አሉት። ሰሌዳው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ባትሪው ያን ኤሌክትሪክ ለማታ ያስቀምጣል። መቆጣጠሪያው ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ከመጠን በላይም እንዳይራቆት ይጠብቀዋል። አራተኛው ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ሲሆን፣ በጥቂት ኃይል ብዙ ብርሃን ይሰጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። 3 ዋት የሆነ ትንሽ ሰሌዳ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 15 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ዘጠኝ ወይም አሥር ይቀራል። አንድ ዋት የሆነ አምፖል ለአራት ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው አራት ብቻ ነው። ተራውን የእጅ ስልክ አንድ ጊዜ መሙላትም ወደ አራት ይጠጋል። እንግዲህ የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ስንሞላ ውለን ማታ መብራቱ ቢደክምብን፣ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም።

ቢቸናና ሞጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ በጥቂቱ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል፣ አዘንብሎ ቢቀመጥ ይበቃዋል። የዛፍ ወይም የጣሪያ ጥላ በጥቂቱም ቢሆን ሊያርፍበት አይገባም። በበጋ፣ በተለይ ጤፍ በሚወቃበት ወቅት፣ አቧራው ሰሌዳውን ስለሚሸፍነው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በክረምት ደመናው ሲበዛ ደግሞ መብራቱን በዝቅተኛው ደረጃ ማብራትና ስልክ መሙላቱን መቀነስ ይበጃል።

ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

በገበያ ላይ መልኩ አንድ የሆነ፣ ሥራው ግን የተለያየ ዕቃ ሞልቷል። ዋጋው ረክሶ በጥቂት ወራት የሚሞት መብራት ለድሃ ኪሳራ ነው። በዓለም ባንክ ቡድን ድጋፍ የተጀመረው ላይቲንግ ግሎባል የተባለው ፕሮግራም የእነዚህን መብራቶች ጥራት ሲያስመረምር ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ሥራውን ቬራሶል የተባለው ተረክቦታል። በዚህ መመዘኛ ትንንሾቹ መብራቶች ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ሻጩን እንጠይቀው፤ ይህ ዕቃ የተመረመረ ነውን? ዋስትናው በጽሑፍ ይሰጠኛልን? ባትሪው ሲደክም ይለወጣልን? ነጋዴ ወንድሞቻችንም የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ በዲናችን የተከለከለ መሆኑን ያውቃሉና፣ የማይረባውን ዕቃ ለማያውቅ ገዢ አይስጡ።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

ውድ አድማጮቻችን፣ ዋናው እንቅፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት 50 ብር የሚያወጣው ቤተሰብ የመብራቱን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችልም። ተበደር ቢባል ብድሩ ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት። ሙስሊሙም ከሪባና ከጨለማ አንዱን ምረጥ የተባለ ይመስለዋል። ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ሌሎች መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እቁብ ነው። አሥር ቤተሰቦች በየሳምንቱ ለነጭ ጋዝ ያወጡት የነበረውን ገንዘብ ቢያዋጡና ዕጣ በወጣለት ቁጥር መብራት ቢገዙ፣ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ሁለተኛው የዱቤ ሽያጭ ነው። ነጋዴው በእጁ ያለውን ዕቃ ዋጋውንና የክፍያውን ጊዜ በውሉ ቀን ቆርጦ ቢሸጥ፣ ዋጋው ከእጅ በእጁ ከፍ ቢልም ይፈቀዳል። ገዢው ቢዘገይ ግን በዕዳው ላይ ጭማሪ መጣል አይቻልም። ሦስተኛው ከወለድ ነፃ የሆነው የባንክ አገልግሎት ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 መመሪያውን ካወጣ በኋላ ባንኮች አገልግሎቱን ጀምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። አራተኛው ቀርድ ሐሰን ነው፤ አቅም ያለው ወንድም ያለ ምንም ጭማሪ አበድሮ ገንዘቡን በጊዜው ይቀበላል።

ይህን ሁሉ ለማይችል ሚስኪን ደግሞ የሀብታሞቻችን ዘካና ሰደቃ አለ። ዘካው በገንዘብ ይሰጥ ወይስ መብራት ተገዝቶ ይሰጥ የሚለውን ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ። ለመስጂድና ለመድረሳ መብራት ግን በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የሚውለው ሰደቃና ወቅፍ እንጂ ዘካ አይደለም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ መጀመሪያ መብራት ያበራው ሰሐባው ተሚም አድ-ዳሪ እንደነበር ተዘግቧል። ቁርኣን የሚቀራበት መብራት የሰጠ ሰው፣ ልጆቹ በቀሩ ቁጥር አጅሩ እንደሚደርሰው ተስፋ እናደርጋለን።

ከረማ የምንማረው

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በረማ፣ አንድ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመላው መንደሩ ቤቶች ላይ ትንንሽ ሰሌዳዎች ተክሏል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ሽልማቱ አይደለም። ነዋሪዎቹ ለጥገና በየወሩ አነስተኛ ክፍያ እንዲከፍሉ ተደርጓል፤ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም እዚያው ሠልጥነዋል። ጠጋኝ የሌለው መብራት ሲበላሽ ቤተሰቡ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። የቢቸናና የሞጣ ጀመዓዎችም መብራት ከማደል ጋር፣ ከወጣቶቻችን ሁለት ሦስቱን ጥገና ቢያስተምሩ መልካም ነው።

በመጨረሻም፣ ጎረቤት ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ሐቅ እንዳለው አንዘንጋ። መብራት ስናድል በጨለማ ያለውን ጎረቤታችንን በሃይማኖቱ አንለየው።

አላህ ቤታችንንም ቀብራችንንም ብርሃን ያድርግልን፤ ሐላል ሲሳይ ይስጠን። አሚን።